ታብሌት ላይ ፊልም ለማየት ኮንቨርት ሳደርግ የቱን ልምረጥ?

የሰናን_መምህር
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20

እንደምን ዋላችሁ። የምጽፈው ከትምህርት ቤታችን በላይ ካለች ጉብታ ላይ ቆሜ ነው። ኔት የሚይዘው እዚያ ብቻ ስለሆነ መልስ ባዘገይ እንዳትቀየሙኝ። የማስተምረው ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው በኩል ነው። መብራት የለም፤ ስልክም ታብሌትም የምትሞላልኝ አንዲት የሶላር መብራት ናት። ብርዱ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ቤት ያስገባል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ምሽት ደግሞ ረጅም ነው። ታብሌት የገዛሁትም ለዚሁ ነው።

ካርቶኑ ላይ «4ኬ ቪዲዮ» ይላል። 64 ጂቢ ሜሞሪም ጨመርኩበት። ያለፈው ዓርብ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ወንድሜ ቤት አደርኩና በሱ ላፕቶፕ ላይ ሃንድብሬክ የሚባለውን የፊልም መለወጫ ፕሮግራም ጫንን። «ካርቶኑ 4ኬ ካለ ትልቅ ትልቁን እንምረጥ» ተባባልንና የሥዕሉን መጠን 1080ፒ አልን፣ መጭመቂያውን ኤች 265 አልን፣ የጥራቱን መጎተቻ ደግሞ ወደ ጥጉ አስጠጋነው። ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ጠዋት ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ አድሮ ውሎ አድሮ 3 ፊልም ብቻ ወጣለት። የወንድሜ ሚስት ድምፁን ሽሽት ጎረቤት ሄዳ ተኛች። የቀሩትን 8 ፊልሞች እንደነበሩ ገለበጥኳቸውና ወጣሁ።

እዚህ ደርሼ ስከፍታቸው፣ ያ ሁሉ የተለፋባቸው 3ቱ ሥዕሉ እየቆመ ይሄዳል። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ድምፁ ቀድሞት ተናግሮ ጨርሷል። ታብሌቱም ከጀርባው እንደ ምጣድ ይግላል። ዝም ብዬ ከገለበጥኳቸው 8 ውስጥ ግን 5ቱ ምንም ሳይሆኑ ይሠራሉ፣ ያበሸቀኝም ይኼ ነው። 2ቱ ሥዕል አላቸው፣ ድምፅ የላቸውም። አንዱ ገና ከደብረ ማርቆስ ነው የቀረው፤ ካርዱ ላይ ከ30 ጂቢ በላይ ክፍት እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ አልገለበጥም አለ።

ደግሜ የምወርደው ከ15 ቀን በኋላ ነው፤ የማድረውም አንድ ሌሊት። በዚያች አንድ ሌሊት እንዳልሳሳት ምን ምን ልምረጥ?

ቡሬ_07
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡41

ቪኤልሲ የሚባለውን ፕሌየር ጫንበት። ሁሉን ይከፍታል። አለቀ።

የጣና_ዳር
እሑድ፣ ምሽት 1፡15

አላለቀም ወንድሜ። ፕሌየሩ መክፈቱ አንድ ነገር ነው፣ ታብሌቱ መሸከሙ ሌላ ነገር። ድምፅ ለሌላቸው ለ2ቱ ግን ልክ ብለሃል፤ ቪኤልሲ የራሱን ዲኮደር (የተጨመቀውን የሚፈታ) ይዞ ስለሚመጣ ድምፃቸው ይሰማል ብዬ እገምታለሁ። መምህር፣ ጉብታዋ ላይ ሳለህ አውርደውና ሞክራቸው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ታብሌቱ ላይ ስክሪንሾት አንሳ፣ ከዚያ ፎቶው ውስጥ ገብተህ ዝርዝሩን ስታይ ስፋቱ በቁጥር ተጽፏል። ያንን አምጣ። ካርቶኑን ተወው፣ ስክሪንሾት አይዋሽም።

የሰናን_መምህር
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡50

1280 በ800 ይላል። ቪኤልሲም ወርዷል፤ የ2ቱ ፊልሞች ድምፅ መጣ! ቡሬ እግዜር ይስጥህ።

ሌላም ጉድ አለ። አንዱ ፊልም ከመለወጡ በፊት 2.1 ጂቢ ነበር፣ ኮንቨርት ካደረግነው በኋላ 3.7 ሆኗል። ልናሳንሰው ብለን አወፈርነው ማለት ነው?

የጣና_ዳር
ሰኞ፣ ምሽት 2፡30

አወፈራችሁት፣ አዎ። አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል ይባል የለ! አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ፣ ቡናም ፈልቷል።

ስክሪንህ ወደ ጎን 1280፣ ወደ ታች 800 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 1,024,000። 1080ፒ ፊልም ደግሞ 1920 በ1080 ነው፣ ማለትም 2,073,600 ነጥብ። ታብሌቱ ያን ሁሉ ተሸክሞ፣ ፈትቶ፣ ከ2 ነጥብ አንዱን ጥሎ ነው የሚያሳይህ። ካርቶኑ ላይ ያለው 4ኬ ቢበዛ «እንዲህ ያለ ፋይል ብትሰጠኝ ለመክፈት እሞክራለሁ» ማለት ነው እንጂ ስክሪኑ 4ኬ ነው ማለት አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ስለዚህ ላንተ የሚሆነው 720ፒ ነው። 1280 በ720 ወርዱን ልክ ይሞላልሃል፣ ከላይ 40 ከታች 40 ነጥብ ጥቁር ይተርፋል። ሰፋፊዎቹ የሲኒማ ፊልሞች ላይ ቁመቱ ወደ 536 ስለሚወርድ ጥቁሩ ይሰፋል፣ ግን የተበላሸ ነገር የለም። አንዳንዱ ሰው ጥቁሩ ያናድደውና ሥዕሉን ወጥሮ ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ከዚያ ተዋናዩ ሁሉ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥኖ ይረዝማል። ይኼን አታድርግ። ምንጩ 480 የሆነ ፊልም ካለህም ወደ 720 አታሳድገው። ውሃ የጨመሩበት ጠላ ነው የሚሆነው፣ ይበዛል እንጂ አይጠነክርም።

ኮዴኩን፣ ማለትም መጭመቂያውን፣ ኤች 264 አድርገው። ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ታብሌት ሁሉ ማለት ይቻላል ለሱ ተብሎ የተሠራ ክፍል ቺፑ ውስጥ አለው። ኤች 265 እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የመጣው። ቺፑ የሚያውቀው ከሆነ ግሩም ነው። የማያውቀው ከሆነ ግን ሥራው በሙሉ ሲፒዩው ላይ ይወድቃል፤ ሥዕሉ ይቆራረጣል፣ ባትሪው ይበላል፣ እንዳልከውም ምጣድ ይሆናል። ላንተ ደግሞ ባትሪ ማለት ነገ ፀሐይ መውጣት አለመውጣቷ ነው።

የጥራት መጎተቻው ላይ አርኤፍ የሚል ቁጥር ታያለህ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ጥራቱም ፋይሉም የሚጨምረው። ለ720ፒ የሃንድብሬክ ሰዎች ራሳቸው የሚመክሩት ከ19 እስከ 23 ያለውን ነው። እኔ ለ10 ኢንች ስክሪን 22 አደርጋለሁ። ቁጥሩን በ6 ከፍ ስታደርገው ፋይሉ በግምት ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ በ6 ዝቅ ስታደርገው ደግሞ እጥፍ ይሆናል። እናንተ ወደ ጥጉ ስታስጠጉት የፊልሙን ጥራት አልጨመራችሁም፤ ከምንጩ ውስጥ የሌለ ነገር ከየት ይመጣል? እያንዳንዷን የቆሻሻ ነጥብ በጥንቃቄ እንዲያስቀምጥ ነው ያዘዛችሁት።

ፍሬም ሬት (በሴኮንድ ስንት ሥዕል) ላይ ከምንጩ ጋር አንድ ይሁን የሚለውን እንዳለ ተወው። 24 የነበረውን 30 ካደረግኸው፣ ካሜራው ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር ሥዕሉ ይንገጫገጫል። ድምፁ ኤኤሲ፣ ስቴሪዮ፣ 128 ኪሎቢት። የመሥሪያ ፍጥነቱ ፋስት ወይም ሚዲየም። ስለ ፕሮፋይልና ሌቭል ብዙ አትጨነቅ፣ ሃይ ፕሮፋይልና ሌቭል 3.1 ለ720ፒ በሴኮንድ እስከ 30 ፍሬም ድረስ ይበቃል። ይኼን ሁሉ መነካካት ካልፈለግህ ከተዘጋጁት ውስጥ «አንድሮይድ 720ፒ30» የሚለውን መርጠህ አርኤፉን ብቻ አስተካክል።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ሙሉ ፊልም አታስጀምር! ሃንድብሬክ ላይ ምዕራፍ የሚለውን ወደ ሴኮንድ ቀይርና ለምሳሌ ከ1800 እስከ 1890 ያለውን ብቻ አውጣ። 1 ደቂቃ ተኩል ናት። የምትመርጠውም ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚያወራበትን ሳይሆን ዝናብ የሚዘንብበትን፣ ድብድብ ያለበትን፣ ብዙ ሰው የሚሮጥበትን ቦታ ይሁን። እዚያው ደብረ ማርቆስ ሳለህ ታብሌቱ ላይ አጫውታት። እሷ ካለፈች ሌላው ያልፋል።

ጫኚው_ዳንግላ
ሰኞ፣ ምሽት 3፡05

የጣና ዳር የተናገርከው ቤቱ ተቀምጦ ለራሱ ለሚሠራ ሰው ነው። እኔ የሰው ካርድ ላይ ፊልም ስጭን ነው የምውለው። ደንበኛ 32 ጂቢ ይዞ መጥቶ «20 ያህል ይግባልኝ» ሲለኝ በአርኤፍ ከሠራሁ የቱ ፊልም ስንት እንደሚወጣ አላውቅም፤ አንዱ 700 ሜጋ፣ አንዱ 2 ጂቢ ይሆንብኛል። ስለዚህ ቢትሬቱን፣ ማለትም ለአንድ ሴኮንድ የሚደርሰውን መጠን፣ ቆርጬ እሰጣለሁ፣ በ2 ዙር።

ሒሳቡ የልጅ ሒሳብ ነው። ቪዲዮው 1500 ኪሎቢት፣ ድምፁ 128፣ ድምሩ 1628። ለ8 ስታካፍለው በሴኮንድ 203.5 ኪሎባይት። የ2 ሰዓት ፊልም 7200 ሴኮንድ ነው። ስታባዛው 1.46 ጂቢ ገደማ። ቪዲዮውን 1000 ብታደርገው 1 ጂቢ አካባቢ ይወጣል። መምህር ካርዱ 64 ነው ካለ ስንት ፊልም እንደሚይዝ ሳይጀምር ያውቀዋል።

የጣና_ዳር
ሰኞ፣ ምሽት 3፡20

ሒሳብህ ልክ ነው፣ አልከራከርህም። ግን ሁለት ሰው ቡና ሲጠጣ የሚውልበትን ፊልምና ጦር ሜዳ ያለበትን ፊልም እኩል 1500 ስትሰጣቸው አንዱ ጠግቦ ይተርፈዋል፣ ሌላው ይራባል። የተራበው ነው ጭስና አቧራ ሲመጣ ወደ ሳጥን ሳጥን የሚለወጠው። አርኤፍ ለሁሉም እንደ ሆዱ ነው የሚሰጠው። ካርድ ሊሞላ ለሚሄድ ደንበኛ ያንተ ይሻላል፤ ለመምህር የኔ።

ጫኚው_ዳንግላ
ሰኞ፣ ምሽት 3፡26

2 ዙር ያልኩት እኮ ለዚሁ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር የቱ ቦታ ከባድ እንደሆነ ያያል፣ በሁለተኛው ያከፋፍላል።

የጣና_ዳር
ሰኞ፣ ምሽት 3፡31

በአንዱ ፊልም ውስጥ ያከፋፍላል። ከፊልም ወደ ፊልም ግን አያበዳድርም። መምህር ያለው ሌሊት ደግሞ አንድ ነው፣ 2 ዙር ከየት ያመጣል?

ሾፌሩ_ፍኖተሰላም
ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡40

እኔ ርእሱን ገብቼ ሳነብ ሃንድብሬክ፣ ሃንድብሬክ ስትባባሉ የእጅ ፍሬኑን መስሎኝ ነበር። አባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ነው እኔ የማውቀው!

ቁም ነገሩን ግን እኔም ልጠይቅ። ረዳቴ ታብሌት ላይ ፊልም ይዞልኝ ይመጣል፤ ሳድር ነው የማየው፣ ስነዳ አይደለም፣ እንዳትሰድቡኝ። ፍንዳታው ጆሮ ይበጥሳል፣ ሰዎቹ ሲያወሩ ግን አይሰማም። ድምፁን ጨምሬ ወሬውን እየሰማሁ ሳለ ድንገት መኪና ይፈነዳና አልጋ ቤቱ ሙሉ ይነቃል።

የጣና_ዳር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡10

ጋሼ፣ የተለመደ በሽታ ነው። ፊልሙ የተሠራው ለ5.1 ነው፤ 5 ድምፅ ማጉያ በዙሪያ፣ አንድ ለጎርናናው። ወሬው በአብዛኛው የሚቀመጠው መካከለኛው ላይ ነው። ወደ 2 ጆሮ ሲጨመቅ ወሬው ከፍንዳታው በታች ይቀራል። ሃንድብሬክ የድምፅ ገጽ ላይ ዲአርሲ የሚል አለ። ዋናው ድምፅ ዶልቢ፣ ማለትም ኤሲ3 ሲሆን ነው የሚሠራው፤ 2 ወይም 2.5 ስታደርጉት ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርገዋል። ሌላ ዓይነት ድምፅ ከሆነ ጌይን የሚለውን በጥቂት ዴሲቤል መጨመር ነው፣ ግን እሱ ፍንዳታውንም አብሮ ይጨምራል።

የብቸናዋ
ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡00

ስለ ፊልም ብቻ ታወራላችሁ፣ እኔ ደግሞ የሠርግ ዲቪዲ ነው ያለኝ። የእናቴ ታብሌት ላይ የሁሉንም ልጆቿን ሠርግ ልጭንላት ብዬ ተነሣሁ፤ የታላቅ እህቴ፣ የወንድሜ፣ የኔ። ሁለት ነገር አስለቀሰኝና ሌላ ሰው እንዳያለቅስ ልጻፍ።

አንደኛው፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ሥዕሉ በአግድም ይሰነጣጠቃል። ሙሽራው ቆሞ ሲታይ ደህና ነው። እስክስታው ሲጀመር ግን የአጎቴ ትከሻ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል! ዲስኩ ስለቆሸሸ መስሎኝ ስንቴ ወለወልኩት። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ የዱሮው ካሜራ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሴኮንድ 25 ሥዕል ይቀዳል፣ እያንዳንዱን ሥዕል ግን በ2 ግማሽ ከፍሎ ነው፤ አንዴ ጎዶሎ መስመሮቹን (1፣ 3፣ 5)፣ አንዴ ሙሉዎቹን (2፣ 4፣ 6)። ዱሮ ቴሌቪዥን እንደዚያው እያፈራረቀ ስለሚያሳየው አይታወቅም ነበር። ታብሌቱ ሁለቱን ግማሽ አንድ ላይ ሲለጥፋቸው፣ በመሃል ትከሻው ተንቀሳቅሷልና ማበጠሪያ ይወጣል። ፊልተር የሚለው ገጽ ላይ ዲኢንተርሌስን ማብራት ነው መድኃኒቱ። ኮንቨርት ካደረጋችሁ በኋላ አይመለስም፣ ከመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው፣ የዲቪዲ ሥዕል 720 በ576 ተብሎ ይቀመጥ እንጂ የሚታየው እንደዚያ አይደለም። የዱሮው አራት ማዕዘን ከሆነ 768 በ576፣ ሰፊው ከሆነ 1024 በ576 ሆኖ ነው መታየት ያለበት። ሃንድብሬክ አናሞርፊክ የሚለውን አውቶማቲክ ላይ ከተዋችሁት ራሱ ያውቀዋል። እኔ አዋቂ ልሁን ብዬ አጠፋሁትና የእህቴ ፊት ተጨምቆ ወጣ። እናቴ አይታ «ያኔ እንዲህ ከስታ ነበር እንዴ?» አለች።

ቡሬ_07
ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡12

የአጎትሽን ትከሻ ማየት ፈለግሁ 😂

ጡረተኛው
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። የልጅ ልጄ ዘጋቢ ፊልም ከአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ጋር ልካልኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበባል። ታብሌቱ ላይ ግን ሰው በተናገረ ቁጥር የማይነበብ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ይዘራል። ጽሑፉ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ያበላሸሁት ነገር አለ?

የጣና_ዳር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00

እንደምን ዋሉ ጋሼ። ምንም አላበላሹም። የግርጌ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት በሽታ አለው። በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየ ታብሌቱ የግእዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። የእርስዎ ግን ሁለተኛው ነው፤ ፕሌየሩ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ ግእዝንም በሚይዘው የፊደል ኮድ የተጻፈውን እንደ ላቲን አድርጎ እያነበበው ነው። ፕሌየሩ ቅንብር ውስጥ ሰብታይትል የሚለው ጋ ይግቡና ካራክተር ኢንኮዲንግ የሚለውን ከአውቶማቲክ ወደ ዩቲኤፍ-8 ይቀይሩት። ኤምኤክስ ፕሌየርም አለው።

የኤስአርቲ (የግርጌ ጽሑፉ) ፋይልና የፊልሙ ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑንም ይዩልኝ፤ ካልተመሳሰለ ፕሌየሩ ብዙ ጊዜ ራሱ አያገኘውም። ሃንድብሬክ ላይ ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር ማጣበቅም ይቻላል፤ ያኔ የትም ይታያል፣ ግን ከዚያ በኋላ ማጥፋትም ማሳደግም አይቻልም። ለዓይንዎ ሲባል ለየብቻ ቢሆን ይሻላል፣ ፊደሉን እንደፈለጉ ያሳድጉታል።

ጡረተኛው
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡15

ተነበበ! ተባረክ ልጄ። ለካስ እስካሁን ሰውየው ስለ ንብ ነበር የሚያወራው።

ሞጣ_ሰማይ
ረቡዕ፣ ምሽት 1፡45

ማንም ያላነሣውን ላንሣ፦ መብራት። መምህር ደብረ ማርቆስ ሲወርድ ሌሊቱን መብራት ቢሄድስ?

ሃንድብሬክ ፊልሙን በኤምፒ4 ወይም በኤምኬቪ ፋይል ያወጣልሃል። ኤምፒ4 ፋይል ማውጫውን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። 95 በመቶ ደርሶ መብራት ከሄደ ያ 95 በመቶ አይከፈትም፤ በቃ፣ ሬሳ ነው። ኤምኬቪ ግን እየጻፈ ስለሚሄድ እስከተቋረጠበት ድረስ ይታያል። በኔ ዴስክቶፕ ስንት ሌሊት ከስሬ ነው ወደ ኤምኬቪ የዞርኩት። ላፕቶፕ ባትሪው ደህና ከሆነ ግድ የለም። ፊልሞቹን አንድ በአንድ ከማስጀመር ደግሞ ወረፋው ውስጥ አስገባቸውና ተኛ፤ ቢቋረጥም ሃንድብሬክ እንደገና ስትከፍተው ያላለቁትን ወረፋ ልመልስልህ ወይ ይልሃል፤ የተቋረጠውን ግን ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። አጫጭሮቹን ፊልሞች አስቀድም።

እኔ ግን አሁንም ኤች 265 ነኝ። በኔ ታብሌት ይሠራል፣ ፋይሉም በጣም ያንሳል።

የጣና_ዳር
ረቡዕ፣ ምሽት 2፡20

የሚሠራበት ሰው ይጠቀምበት እንጂ! ኤምኤክስ ፕሌየር ላይ ከላይ በኩል ኤችደብልዩ ወይም ኤስደብልዩ የሚል ጽሑፍ ታያለህ። ኤችደብልዩ ሆኖ ካጫወተው ቺፑ ራሱ ነው የሚሠራው። ኤስደብልዩ ከሆነ በሲፒዩ ጉልበት ነው። 10 ቢት ኤች 264 የሚባለውን ግን በፍጹም አትሥሩ፤ ታብሌቶች ቺፕ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ለመሥራትም ኤች 265 ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ የመምህር 3 ፊልም ምስክር ነው።

መምህር፣ ለቀሩት ደግሞ ይኼን ልጨምር። የሚሠሩልህን 5ቱን ፊልሞች አትንካቸው። ከሁሉ የሚሻለው ኮንቨርት ያልተደረገ ነው፤ በተለወጠ ቁጥር ትንሽ ይጎድላል። ድምፅ የሌላቸውንም ቪኤልሲ ካጫወታቸው እዚያው ተዋቸው። በሌላ ፕሌየር ካልክ አቪዴሙክስ የሚባለውን ላፕቶፑ ላይ ጫን፣ ቪዲዮውን ኮፒ፣ ድምፁን ኤኤሲ በለው። ሥዕሉን ስለማይነካው በደቂቃዎች ያልቃል። ሃንድብሬክ ይኼን አይችልም፣ ሥዕሉን ሁልጊዜ እንደገና ነው የሚሠራው።

አልገለበጥም ያለህ ፋይል ከ4 ጂቢ በላይ ነው አይደል? ካርዱ ፋት32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት ተደርጓል። ፋት32 አንድን ፋይል ከ4 ጂቢ በላይ አይቀበልም፣ ቦታ ቢተርፍም። ካርዱን ኤክስፋት ብታደርገው ይቀበል ነበር፣ ግን አንዳንድ ታብሌት ኤክስፋትን አያነብም፤ ደግሞም ፎርማት ስታደርግ ሁሉም ይጠፋል። ወደ 720ፒ ስታወርደው ችግሩ ራሱ ይጠፋል።

የሰናን_መምህር
ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡05

5.2 ጂቢ ነበር፣ አዎ። ሁሉንም ደብተር ላይ ገልብጫለሁ፤ ተማሪዎቼ «መምህር ምን እየተማረ ነው?» እያሉ ነው።

የሰናን_መምህር
እሑድ፣ ከ17 ቀን በኋላ፣ ከቀኑ 11፡10

ወርጄ ወጣሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

እንደተባልኩት በመጀመሪያ 90 ሴኮንዷን አወጣሁ፣ ዝናብ ያለበትን። 22 ላይ አንዴ፣ 24 ላይ አንዴ። ታብሌቱ ላይ አስጠግቼም አርቄም አየሁ፣ ወንድሜም አየ፤ ልዩነቱን መለየት አልቻልንም። እና 24 አደረግነው። ሚስቱ ግን «ይኼኛው ጥላው ላይ ቆሸሽ ይላል» ብላ በመጀመሪያ እይታ 24ቱን ለየችው፤ ጨለማ ለሚበዛባቸው 2 ፊልሞች 22 አልን። አንድ ፊልም በአንድ ሰዓት ገደማ ነው ያለቀው። በኤምኬቪ ነው ያወጣሁት፣ የሞጣው ይመስገን፤ መብራት አልሄደም፣ ስላልሄደም ተናደድኩ ማለት ይቻላል። ለሊቱን 8 ፊልም ወጣ። ትልቁ 1.3 ጂቢ፣ ያ 5.2 የነበረው ደግሞ 1.1 ሆነ።

ባትሪውን ለማየት መጀመሪያ ከተበላሹት ከ3ቱ አንዱን ፊልም በሁለት መልክ ሙሉውን አየሁት (አዎ፣ ሁለት ምሽት አንድ ፊልም፣ ጮቄ ነው ያለሁት)። የዱሮው ኤች 265 ኤስደብልዩ እያለ ከ100 ወደ 58 አወረደው። አዲሱ ኤችደብልዩ ሆኖ 79 ላይ ቆመ። ጀርባው ለብ ይላል፣ አይግልም። ለብርዱ ግን የዱሮው ይሻል ነበር።

አንድ ብቻ አስቸገረኝ። ዳይሬክተራችን ከዲቪዲ ላይ የትምህርት ቤቱን የዱሮ በዓል አውጣልኝ ብሎኝ ነበር፤ እሱንም ወረፋው ውስጥ ከፊልሞቹ ጋር በአንድ ቅንብር ከተትኩት። ልጆቹ ቆመው ሲዘምሩ ደህና ነው። ሩጫው ሲጀመር ግን እግራቸው ሁሉ ወደ ጭረት ጭረት ይለወጣል። ዲስኩ ተቧጭሮ ይሆን?

የብቸናዋ
እሑድ፣ ከቀኑ 11፡34

መምህር፣ ዲስኩን አትወልውለው። የአጎቴን ትከሻ አስታውስ።